ቀቢውና ነጩ ወረቀት

ቀቢው የዘይት ቀለምና ቲነር ከተከለከለ ወዲህ እጁ አላርፍ አለው። የከለከለው ሐኪም በልጁ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ ነበር፤ ሲከለክለውም «አንተ» እያለ ነው። «ሳንባህ ቀለም ጠጥቷል፤ ከእንግዲህ ሽታው አጠገብህ እንዳይደርስ» አለና ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ቀጣዩን በሽተኛ አስጠራ። ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ሲያሳምር የኖረ ሰው በአንዲት ቃል ወደ ቤቱ ተሸኘ።

ቤት መዋል ደግሞ የማያውቅበት ሥራ ነው። ጠዋት ተነስቶ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳል። ይቀመጣል፣ ይነሳል። ሰው ቤት ሲጠራ ሻይ እስኪቀርብ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ የተላጠ ቀለም ካገኘ በጥፍሩ እየፈቀፈቀ ወለሉ ላይ ያራግፋል። አንዲት ሴትዮ «ኧረ ጎረቤት፣ ቤቴን ልጠህ ጨረስከው!» ብላ በሳቅ አስመስላ ነግራዋለች። ሳቅ እንዳልነበረ ገብቶታል፤ በልቡ ይዞታል። ቀቢው በልቡ የማይዘው ነገር የለም።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፤ በአንተ ምክንያት ጣቴን ከጨርቁ ጋር ልሰፋው ነው» ትለዋለች። ይወጣል። መንገድ ላይም ዕረፍት የለም። የሱቅ ሰሌዳ ያያል፤ በማሽን የታተመ ነው። የአጥር በር ያያል፤ ቀለሙ እንባ ሠርቶ ወርዷል። «ምን ዓይነት ባለጌ ነው ይሄን የቀባው?» እያለ ብቻውን እያወራ ይመለሳል።

በዚህ መሀል ነው ፋርማሲስቷ ልጁ የራሷን ቤት ያገኘችው። ሌላ ልጅ የለውም። ፎቅ ላይ ያለ፣ ሁለት ክፍልና ሳሎን ያለው ቤት ነው። ሊያዩላት የሄዱት እሱ፣ ሚስቱና የሚስቱ ታላቅ ወንድም ኢንጂነሩ ነበሩ።

ኢንጂነሩን የሚያውቁት ሁሉ ደግ ሰው ነው ይላሉ። የሚያውቁት ግን ቤቱን ቀብተውለት አያውቁም። ቀቢው ቀብቶለታል፤ ያኔ ገና አዲስ አማች ነበር። ሥራው ሲያልቅ ኢንጂነሩ የእጅ ባትሪ ይዞ በእንግዶች ፊት ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ እያበራ ፈተሸው። «አማችም ቢሆን ሥራ ሥራ ነው» አለ። እንከን አላገኘም። አለማግኘቱን ግን አልተናገረም። እንግዶቹ ሳሎን ሲበሉ የቀቢው ምግብ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ጓሮ ቀረበለት። ይሄ ልጁ ከመወለዷ በፊት የሆነ ነው፤ ለቀቢው ግን ትናንት ነው። ኋላም የልጅቷን ትምህርት የረዳው ኢንጂነሩ ነው። መርዳቱን ደግሞ ያልሰማ ዘመድ የለም።

ሳሎኑ ገና ዕቃ አልገባበትም፤ ድምፅ ያስተጋባል። ትልቁ ግድግዳ ነጭ ሆኖ ፊት ለፊት ቆሟል። ቀቢው ተጠግቶ በመዳፉ ደባበሰውና፣ «አንድ እጅ ብቻ ነው የቀቡት፤ ሌቦች» አለ።

«ለዚህ ግድግዳ እኔ አለሁ» አለ ኢንጂነሩ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ። ከኪሱ ሜትር ጠፍቶ አያውቅም። «ግድግዳውን የሚሞላ ሥዕል አሳትምልሻለሁ። ፏፏቴ! ከነፍሬሙ። ሰው ገና ሲገባ አፉን ይዞ ይቀራል።»

«ጋሼ፣ ፏፏቴ እንኳ…» አለች ልጅቷ።

«ምነው? ፏፏቴ የሚጠላ ሰው አለ?»

ቀቢው ምን እንደነካው አያውቅም። «የዚህን ግድግዳ ሥዕል እኔ እሥልላታለሁ» የሚል ቃል ከአፉ አፈትልኮ ወጣ።

ኢንጂነሩ ሜትሩን ጠቅልሎ ዞረ። «አንተ? ሥዕል ነው ወይስ ግድግዳውን ነው? ግድግዳው ተቀብቷል እኮ፣ አማቼ!»

ሳቁ ባዶው ሳሎን ውስጥ እጥፍ ሆኖ ተሰማ። ሚስቱም ሳቀች። እሷ እንኳ! ልጁ ግን አልሳቀችም።

«የእውነትህን ነው አባዬ?»

«ምን ውሸት አለው?»

«እንግዲያው የቤታችንን መስኮት ሣልልኝ። ከወጥ ቤቱ መስኮት የሚታየውን፤ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጥቁሩን የውሃ ታንከር፣ የተሰጣውን ልብስ፣ ከኋላ ያለውን ኮረብታ። ሳጠና ያደግሁት እሱን እያየሁ ነው።»

«ታንከር!» አለ ኢንጂነሩ። «ሰው ሳሎኑ ውስጥ ታንከር ይሰቅላል?»

ልጅቷ ሁለቱንም አየቻቸው። «የፊታችን ቅዳሜ የሥራ ጓደኞቼን ጠርቻለሁ። የአባዬ ከደረሰ የአባዬ ይሰቀላል፤ ካልደረሰ የጋሼ። በባዶ ግድግዳ ግን ሰው አላስገባም።»

ነገሩ እንዲህ ተቆረጠ። ለሌላ ሰው የአንድ ሥዕል ጉዳይ ነው። ለቀቢው ግን እንዲያ አይደለም። ኢንጂነሩ ትምህርቷን ወስዶበታል፣ ምስጋናዋን ወስዶበታል፤ ይቺን ግድግዳ ከጨመረበት በልጁ ቤት ውስጥ የእሱ የሚባል አንድ ነገር አይኖርም። መጥቶ ሻይ ጠጥቶ የሚሄድ ሽማግሌ ሆነ ማለት ነው።

የዘይት ቀለም ተከልክሏል። የቀረው በውሃ የሚበጠበጠው፣ ሽታ የሌለው ቀለም ነው። ይሄ ምን ይከብዳል? አለ ለራሱ። ግድግዳም እኮ በውሃ ይቀባል።

የሥዕል ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ጠባብ ነው፤ ብሩሾቹ በብርጭቆ ተሰክተዋል፣ ወረቀቱ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሻጯ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ የሰካች ልጅ ናት።

«አባባ፣ ምን ልርዳዎት? ለልጅ ልጅ ነው?»

«ለራሴ ነው።»

«ጎሽ! ጀማሪ ነዎት?»

ጀማሪ! ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ስንት ፎቅ የቀባ ሰው! «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ቀለም በበርሜል እበጠብጥ ነበር» አላት።

«እሱ እንኳ ሌላ ነው፣ አባባ። ለመጀመሪያ ጥቂት ቀለም፣ አንድ ጥሩ ብሩሽ፣ ወፈር ያለ ወረቀት ቢይዙ…»

«ጥቂት አልፈልግም። ያንን ስጪኝ።»

ያ ማለት ቀለማት በመደዳ የተደረደሩበት፣ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ሳጥን ነው።

«እሱን ሰው ለስጦታ ነው የሚወስደው። ቀለሙ ያን ያህል…»

«ስጪኝ አልኩሽ! ከትልልቁ ብሩሽም አምጪ። ነጭ ለብቻው ካለም ጨምሪበት፤ ነጭ ቶሎ ያልቃል።»

ወረቀቱን ግን ከርካሹ አነሳ። ወረቀት ከሥር የሚቀር ነገር ነው፤ ማን ያየዋል? ልጅቷ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ጠቀለለችለት። ትከሻዋን መነቅነቋንም በልቡ ይዞ ወጣ።

ወጥ ቤት መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ጎተተና እንደ ሙያው ከመሠረቱ ጀመረ። ጓዳ ውስጥ ከአንድ ቤት የተረፈ፣ በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ነጭ ነበረው። ወረቀቶቹን ደርድሮ በሰፊው ብሩሽ አንድ እጅ ሰጣቸው። ሲደርቁ በብርጭቆ ወረቀት አሻሽቶ ሁለተኛ እጅ ደገማቸው። ያለ መሠረት ቀለም ቀብቶ አያውቅም፤ ያለ መሠረት የሚቀባ እሱ ዘንድ ሌባ ነው። ወረቀቶቹ እንደ ቆዳ ተኮማተሩ። ይሁን ብሎ በድንጋይ ተጫናቸው።

ከዚያ ሰማያዊውን በውሃ አቅጥኖ ሰማዩን አወረደ። ቀለሙ አልይዝ አለ። እንደ ላብ ነጥብ ነጥብ ሠርቶ ቆመ፤ ወዲያ ሲገፉት ወዲህ ይሰበሰባል። ደገመበት፤ ሲደግመው የታችኛው ተነሳ። ሌላ ወረቀት አመጣ፤ ያው ነው። ታንከሩን በጥቁር ሠራ፤ ጥቁሩ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ሰማዩ ውስጥ ገባ። የተሰጣውን አንሶላ በነጭ ሊሸፍን ሞከረ፤ ነጩ ከጥቁሩ ጋር ተዋህዶ አመድ ሆነ። ግድግዳ ላይ ቢሆን ችግር የለም፤ ሌላ እጅ ትሰጠዋለህ፣ ስህተትህን ማንም አያይብህም። እዚህ ግን የሸፈነው ስህተት ሁሉ ሌላ ስህተት ይወልዳል።

ሚስቱ መጥታ ከትከሻው በላይ አየች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰማይ ነው።»

«ልብሱን ላስገባ? ዝናብ ሊጥል ነው መሰለኝ።»

ደሙ ፈላ። «ቀለሙ ነው የተበላሸው! ያቺ ልጅ ጊዜው ያለፈበት ነው የሸጠችልኝ!» ብሎ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ተነሳ። ኮቱን የለበሰው መንገድ ላይ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ተማሪዎችና አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ቀቢው በመሀላቸው አልፎ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ጣለው።

«ይሄ ቀለም ነው? አይዝም እኮ! ሽማግሌ ሰው ታታልያለሽ?»

ሻጯ ወረቀቱን አነሳች፣ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው፣ አሸተተችው። «አባባ፣ ምን ቀብተውበት ነው?»

«መሠረት ነዋ! ያለ መሠረት ማን ይቀባል?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም፤ ባንኮኒውን ተደግፋ ተንከተከተች። ተማሪዎቹ ተከተሏት። ሴትዮዋ ምን እንደተባለ ሳትሰማ ሳቀች፤ ከሁሉ ያንገበገበው የእሷ ነው።

የቀቢው ጆሮ ጋለ። ወረቀቱን መንጭቆ በሩ ድረስ ደረሰ፤ እጀታውን ይዟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይወጣና ያን ሱቅ እስኪሞት አይረግጠውም። እንዲህ ብሎ የማይረግጣቸው ሱቆች፣ ቤቶች፣ አንድ መንገድም ጭምር አሉት። አሁን ግን ፏፏቴው መጣበት። ያ ፏፏቴ እየተንዶሎዶለ የልጁን ሳሎን ሲያጥለቀልቀው፣ ኢንጂነሩም እግሩን ዘርግቶ ከፊቱ ተቀምጦ ሲያስረዳ ታየው። ዞረ።

«ስቀሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ» አላት። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጀማሪ ነኝ።»

ቃሉ ሲወጣ ጥርስ የተነቀለ ያህል ተሰማው።

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። «ይቅርታ አባባ፣ በእርስዎ እኮ አይደለም…»

«በእኔ ነው። ይልቅ ንገሪኝ።»

ነገረችው። ወረቀቱ ራሱ ነው መሠረቱ፤ ቀለሙን የሚጠጣው እሱ ነው፤ አፉን ከደፈኑት በምኑ ይጠጣል? ለዚያ ነው ወረቀቱ ወፍራም መሆን ያለበት። ቀጭኑ ሁለት ጊዜ ሲጠጣ ይሰክራል፣ ይኮማተራል። ሁለቱንም በጣቷ መታ መታ እያደረገች አሰማችው፤ ርካሹ ይንሿሿል፣ ወፍራሙ ድም ይላል።

«ነጭስ?»

«ነጭ ቀለም አያስፈልግዎትም። ነጭ እንዲሆን የሚፈልጉትን ቦታ ቀለም አያስነኩት፤ ወረቀቱ ነው ነጩ።»

«ሳልነካው?»

«ሳይነኩት።»

ከሁሉ ይሄ ከበደው። አንድ ነገር ሳይነካ ማለፍ መቼ ያውቃል?

ቀለሙን ከትንንሽ ቱቦዎች መረጠችለት፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቡናማ። «ጥቁርስ? ታንከር አለብኝ» ቢላት፣ «ሰማያዊውንና ቡናማውን ወፈር አድርገው ያቀላቅሏቸው፤ ከጥቁር የበለጠ ጥቁር ይወጣልዎታል» አለችው። አላመናትም፤ ግን ወሰደ። ብሩሹን ራሱ መረጠ። በብርጭቆ ውሃ ሰጠችው። የመጀመሪያውን ነክሮ ሲያራግፈው እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበተነ። ሌላው ፀጉር ጣለ። ሌላኛው ሆዱ ውሃውን ይዞ ጫፉ እንደ ወስፌ ሾለ።

«ይሄ» አለ።

«እኔም እሱን ልልዎት ነበር።»

ሙገሳ መሆኑ ገባው፤ ፊቱን ግን አልፈታም።

«ዋናው ትዕግሥት ነው፣ አባባ» አለችው ስትጠቀልልለት። «አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን እንዳያስከትሉ። ቀብተው ቁጭ ይበሉና ይጠብቁ።»

ቀለሙንም ብሩሹንም ከሱቅ አገኘ። ቁጭ ማለቱን ግን ከየት ያምጣው?

በአዲሱ ወረቀት ላይ ሰማዩን ሲያወርድ ቀለሙ ሳያንገራግር ሰምጦ ለስልሶ ተኛ። ልቡ ዘለለ። ከዚያ መድረቅ አለበት። ተነሳ። ተቀመጠ። እፍ አለበት። በጣቱ ነካው፤ ሰማዩ መሀል አሻራው ቀረ። ሌላ ወረቀት ይዞ ኮረብታውን ሳይደርቅ አስከተለ፤ ኮረብታው እንደ ጭስ ወደ ሰማይ ወጣ። የሚቀጥለው ላይ ደረቀ ብሎ አምኖ ጣሪያውን ጀመረ፤ አልደረቀም ነበር። በየመሀሉ ስልኩ ይጮኻል። «አባዬ፣ እንዴት ሆነ?» «እየሆነ ነው።» «ላየው ልምጣ?» «አትምጪ!» በስተመጨረሻ ስልኩን አጠፋው። ወረቀቱም እያለቀ ነው።

ዓርብ ጠዋት ብሩሹን ወረወረው። «ይሄ የሥራ ፈት ሙያ ነው! ሰው ቀለም ሲደርቅ ተቀምጦ ያያል?»

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ቤት ስትቀባ እስኪደርቅ ምን ታደርግ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ? ሌላው ክፍል እገባለሁ። ያኛው ሲደርቅ ወደዚያኛው…»

«እንግዲያው ግባ» አለችው ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ቀቢው ለአፍታ ቆሞ አያት። ከዚያ የቀሩትን ወረቀቶች በሙሉ አወጣ። አንዱን ጠረጴዛው ላይ፣ አንዱን አልጋው ላይ፣ አንዱን ወንበሩ ላይ፣ አንዱን ምድጃው ክዳን ላይ አነጠፈ። አንዱን የስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ ሲያሳርፍ ሚስቱ ጮኸች፤ «የደንበኛ ቀሚስ ላይ ጠብ ብትል አንተን ነው የምሰፋህ!» እሱ ግን አልሰማትም። ሥራ ላይ ነው። ለሁሉም ሰማያቸውን ሰጣቸው፤ የመጨረሻው ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ደርቆ ጠበቀው። ለሁሉም ኮረብታቸውን ሰጣቸው። ለሁሉም ጣሪያቸውን። ቤት ውስጥ ይሮጣል፤ ስኒ ውሃ ይዞ ከአልጋ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ ወንበር። ያ ሲያሠቃየው የከረመው የእግሩ አለማረፍ አሁን ሥራውን አገኘ። ያልቻለበት ነገር ቢኖር ነጩ ነው። ብሩሹ አንሶላው አጠገብ ሲደርስ እጁ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ይሄዳል፤ ያልተቀባ ቦታ ትቶ ማለፍ አልለመደማ።

«አንሶላዬን!» ትጮሃለች ሚስቱ። እጁ ይመለሳል። «አንሶላዬን ብዬሃለሁ!» እንደገና ይመለሳል። ቀሚሱን ትታ እንደ ዘበኛ ተከተለችው። ሁለቱ ላይ ሳትደርስ ቀረችና አንሶላዎቹ ቆሸሹ። አንዱ ላይ አስነጠሰው። አንዱ ላይ ሚስቱ ራሷ በክርኗ የስኒውን ውሃ ደፋችበት።

አንዷ ግን ወጣች። ኮረብታዋ ትንሽ ተጣሟል። ቆርቆሮው ላይ ቡናማና ቀይ ተደባልቆ ዝገቱ እውነት ሆኗል። ታንከሩ፣ ሻጯ እንዳለችው፣ ከሰማያዊና ከቡናማ የተወለደ፣ ሆዱ ውስጥ ብርሃን የቀረበት ጥቁር ነው። አንሶላው ደግሞ ያበራል። ሚስቱ አየችው፤ አየችውና፣ «ማታ አንሶላውን ሳላስገባው የረሳሁ መሰለኝ» አለች።

ፍሬም ስለሌለ የሰርጋቸውን ፎቶ ከፍሬሙ አወጣ። «ሰርጋችንን!» አለችው። «መልሼ እገዛልሻለሁ።» «ሰርግ ነው የምትገዛልኝ?»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ይዞ ከሚስቱ ጋር የልጁን ደረጃ ወጣ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሲገፋው መጀመሪያ ያየው ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ነጭ አቧራ ነው። ከዚያ ኢንጂነሩን፤ የግድግዳ መብሻ ትራፓኖ በእጁ ይዟል። ከዚያ ፏፏቴውን።

ፏፏቴው ግድግዳውን ሞልቶታል። ምንም ቅጠል ሆኖት የማያውቅ አረንጓዴ፣ ምንም ውሃ ሆኖት የማያውቅ ሰማያዊ ነው።

«አባዬ!» ልጁ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። «ስልክህ ዝግ ነው፤ ትናንት ሙሉ ቀን ስደውል ዋልኩ። አልደረሰለትም፤ መናገር አፍሮ ነው ብዬ…»

«ጠዋት በማለዳ መጥቼ ሰቀልኩላት» አለ ኢንጂነሩ። «አትጨነቅ አማቼ፤ ሁሉም በየሙያው ነው።»

ቀቢው ብብቱ ውስጥ ያለው ጋዜጣ ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል። ዞሮ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አኖረ። ሚስቱ የኮቱን ጭራ ያዘች፤ ልጁ ጋዜጣውን ከብብቱ መነጨቀች። ተቀደደ።

ልጅቷ ቆመች። ፍሬሙን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችና፣ «ታንከሬ!» አለች። «አባዬ፣ ታንከሬን!»

ኢንጂነሩ መነጽሩን እያደረገ መጣ። ብዙ አየ። «ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ማን ሊሆን ኖሯል?»

«አንሶላው… ምን ተቀብቶ ነው እንዲህ የነጣው?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«አልተቀባም። ታልፏል።»

ኢንጂነሩ አንገቱን ነቀነቀ፤ አልገባውም፣ አልገባኝም ማለት ግን አልለመደም። ልጅቷ አንዴ ፏፏቴውን፣ አንዴ አጎቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። «ወጥ ቤት እሰቅለዋለሁ» አለች ፈራ ተባ እያለች። «ሁልጊዜ ዕቃ ሳጥብ አየዋለሁ።»

ወጥ ቤት! ቀቢው የወጥ ቤቱን በር አየ። «እንፋሎት ሲመታው ይነሳል» አለ። «ሌላ ቦታ ፈልጊለት።»

ቦታ ፍለጋ ተጀመረ። መኝታ ቤት ገቡ። ኢንጂነሩ መስኮቱን አይቶ እጁን አወዛወዘ። «አይሆንም። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል፤ በዓመቱ ቀለሙ ለቆ ወረቀት ብቻ ይቀራችኋል።» ኮሪደሩ ጨለማ ነው። ሁለተኛው ክፍል ገቡ። ኢንጂነሩ ግድግዳውን አንኳኳ፤ ሜትሩን አወጣ። ነገሩ ሙያ ሆኖበት ማን እንደሣለው ረስቷል። «ከዚህ ጀርባ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያልፋል። እርጥበት ነው። አይሆንም።» ሁሉም ተከትለውት ወደ ሳሎን ተመለሱ። «እንግዲህ እንመልከት» አለ ጣቱን አንስቶ፣ ሲያስረዳ እንደሚያደርገው። «ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ እንፋሎት የማይደርስበት፣ ቧንቧ የሌለው፣ ብርሃን ግን ከጎን የሚያገኝ ግድግዳ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው። እሱም…»

ጣቱ ፏፏቴው ላይ ቆመ።

ቀድማ የሳቀችው እህቱ፣ የቀቢው ሚስት፣ ናት። «ጨርሰው እንጂ ጋሼ! እሱም?»

የኢንጂነሩ አንገት ቀላ። ሒሳቡን መልሶ በልቡ ሲያሰላ ይታያል፤ ቢያሰላው ቢያሰላው ያው ነው። ውሸት ነው ማለት ይችል ነበር። ሙያው አልፈቀደለትም። «እንግዲህ… በሙያ ካየነው» አለ ቀስ ብሎ፣ «የእኔ ፕላስቲክ ላይ ነው የታተመው። ፀሐይም እርጥበትም አይፈራም።»

«ታዲያ መታጠቢያ ቤት ይሁና!» አለ ቀቢው። ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ቅጽበት ናት፤ ልትሾልክበት አልወደደም።

«አባዬ!»

«ምን አልኩ?»

ኢንጂነሩ ወንበር ላይ ወጥቶ ፏፏቴውን በገዛ እጁ አወረደው። ሁለቱ አንስተው መኝታ ቤት ወሰዱት፤ በሩ ላይ ሲጠባቸው «ወደ አንተ… ወደ አንተ አዘንብል» «ወደ እርስዎ ነው እንጂ» እየተባባሉ ተጋጩ። ፏፏቴው አልጋው ራስጌ ቆመ። ልጅቷ ሥዕሉን ከግድግዳው መሀል ሰቀለችው።

ከፏፏቴው በኋላ ሲያዩት መሐረብ ያክላል። የትልቁ ግድግዳ መሀል አንዲት ትንሽ መስኮት የተከፈተ ይመስላል። ከመስኮቷ ግራና ቀኝ ግን፣ ራቅ ራቅ ብለው፣ ትራፓኖው የተዋቸው ሁለት ቀዳዳዎች አፍጥጠዋል።

ቀቢው ተቀመጠ። አየ። ሌላው ሁሉ ሥዕሉን ያያል፤ እሱ ቀዳዳዎቹን ያያል። ተነሳ።

«ቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ አለሽ?»

«ከየት ይመጣል አባዬ? ሰው እየመጣ ነው እኮ! ተወው፣ ማንም አያየውም።»

«እኔ እያየሁት?»

«በል ቁጭ በል፤ ዛሬ እንኳ ቁጭ በልልኝ!»

ቁጭ አለ። ደጁ ተንኳኳ። ልጅቷ ፀጉሯን አስተካክላ ልትከፍት ስትሄድ እሱ በሌላ በኩል መታጠቢያ ቤት ገባ። ሲወጣ የጥርስ ሳሙና ይዟል።

እንግዶቹ እየተሳሳቁ ገቡ፤ በሩ አጠገብ ቆመው ግድግዳውን አዩ። አንዷ ጠጋ ብላ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «እንዴ! ይሄ በእጅ የተሣለ ነው። የማን ሥራ ነው?»

«የአባቴ» አለች ልጅቷ። «አባቴ ነው የሣለልኝ።»

«የታሉ? አስተዋውቂና!»

ልጅቷ ዞር ዞር ብላ ፈለገችው። ቀቢው ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ቀዳዳውን በጥርስ ሳሙናው፣ በአውራ ጣቱ እየደፈነ ነበር። ኢንጂነሩ ከኋላው ቆሞ፣ «ጠለቅ ይላል፤ ጨምርበት እንጂ» ይለዋል።

«አባዬ፣ እንግዶች…»

«አንድ ቀዳዳ ቀርቶኛል» አለ ዞር ሳይል።